ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ልጄ ሊዲያ ደብተሩን ከላስቲክ ከረጢት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው፣ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው። ሽፋኑ ቡናማ ሙሻማ ነው። ያ ዓይነቱ ሙሻማ ሲያረጅ የራሱ ሽታ አለው፤ ሙጫ ሙጫ፣ ጎማ ጎማ የሚል። እንደዚያ ያለ ደብተር በወጣትነቴ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በየመጻሕፍት መደብሩ በአርባ አራት ኮፔክ ይሸጥ ነበር። አርባ አራት ኮፔክ ያኔ ሁለት ዳቦ ገዝቶ ለትራም የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ስንቱን ደብተር ገዝቼ፣ ስንቱን እዚያው ጥዬ መጥቻለሁ። እዚህ ኦስሎ፣ ትቬይታ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ድረስ አንዱ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«ክፈተው እንጂ አባዬ፣ አይነክስህም» አለች ሊዲያ።

ከፈትኩት። ወደ ግራ ዘንበል ያለ ጥንቅቅ ያለ የአማርኛ ጽሕፈት ነው፤ አርእስቶቹ በቀይ እርሳስ የተሰመሩ፣ ስሕተት እንኳ በማስመሪያ የተሰረዘበት። የሻምበል አስናቀ እጅ ነው። መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ ጠራረግኩት፤ መነጽሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ሊዲያ የመጨረሻዋ ልጄ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷና ከሰንበት ትምህርት ቤት የለቃቀመች፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የማስተርስ ጽሑፏን እየጻፈች ነው። እኔ ከዚህች ከተማ ሰላም ለመልመድ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኝ፣ ልጄ ደግሞ ስለ አቶም ቦምብ ነው የምትጽፈው። ያ ታላቅ ኃያል አገር የኑክሌር መሣሪያውን መቼ ነው የምተኩሰው ብሎ ያስብ እንደነበር፣ አዲስ መሣሪያ በፈጠረ ቁጥርም ሐሳቡ እንዴት እንደተለዋወጠ ታጠናለች። ደብተሩን ያገኘችው ከገነት ነው። ገነት ቫይትቬት የምትኖር፣ ሕፃናት መዋያ የምትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን አብራን የምታስቀድስ ሴት ናት፤ የሻምበል አስናቀ ልጅ። ሊዲያ ደብተሩን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ሁለት ወር ሙሉ ስትሠራበት ቆይታለች። ለእኔም ነግራኝ ነበር። «ጎሽ፣ በርቺ» ብያት ዝም አልኩ። ጽሕፈቱን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሊዲያ በወረቀት ምልክት ያደረገችበትን ገጽ ገለጠችና ፊደል እየለቀመች አነበበችልኝ። «ኮሎኔሉ የመለሱት፦ ከሁሉ በፊት ሕዝቡ ከአካባቢው እንዲወጣ ይደረጋል። ይህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።» ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ያበራል። «አባዬ፣ ይሄን የሚመስል ነገር አንድም መጽሐፍ ላይ የለም። ቫይለደሬ ስሰማ ማመን አቃተኝ ነው ያለችው» አለች፤ አማካሪ መምህሯን ማለቷ ነው። «ውጭ ሰው የማያየው ክፍል ውስጥ ለመኮንኖቹ እንደዚህ ካስተማሩ፣ እኛ የምናውቀው ታሪክ ሌላ ነው ማለት ነው። አንተ ደግሞ እዚያው ነበርክ። አስተርጓሚው አንተ ነህ! ቅዳሜ ገነት ቤት ሄደን እቀርጽሃለሁ። እንደዚህ ብሏል ብቻ በል፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እስቲ መጀመሪያ ላንብበው» አልኳት። ትታልኝ ሄደች። እኔ ግን ደብተሩን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አውቃታለሁ። ኮሎኔሉ አልተናገሯትም። የእኔ ናት።

ወደዚያ አገር የሄድኩት የመስኖ ምሕንድስና ልማር ነው። ቮልጋ ወንዝ ዳር ያለች ሰፊ ከተማ ላይ ጣሉን። የደረስን ዕለት ከአንድ መጋዘን ካፖርት ታደለን፤ ለእኔ ለዘነበ የደረሰኝ ሁለት እኔን የሚያስገባ ነበር። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ ጆሮ መሸፈኛ ያለውን የፀጉር ቆብ ደፍቼ የተነሣሁትን ፎቶ እናቴ ስታይ አልቅሳለች አሉ፤ የታመምኩ መስሏት። ትራም ሦስት ኮፔክ ነበር። ትኬት ቆራጭ የለም፤ ሳንቲምህን ሣጥን ውስጥ ጥለህ ወረቀቱን ራስህ ትቀዳለህ፤ አሮጊቶቹ ግን ዓይናቸውን አይነቅሉብህም። በየመንገዱ ጥግ ጋዝ ውሃ የሚሸጥ ማሽን ቆሟል፤ ያለ ሽሮፕ አንድ ኮፔክ፣ ከነሽሮፑ ሦስት። ብርጭቆው አንድ ነው፤ ከተማው ሁሉ በእሱ ይጠጣል፤ ገልብጠህ ታጥበውና ትቀዳለህ። በበጋ ቢጫ በርሜል በጎማ ላይ እየተጎተተ ይመጣና ነጭ ጋውን የለበሰች ወፍራም ሴት ከጥቁር ዳቦ የተጠመቀ፣ ከጠላ የሚቀል መጠጥ ትቀዳልሃለች። እሑድ መናፈሻው ውስጥ የነሐስ ባንድ ቫልስ ይጫወታል፤ ባሎቻቸውን በጦርነት ያጡ ሴቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይደንሳሉ። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ካሴት ነበረችን፤ ክሯ እየተበጠሰ በጥፍር ቀለም እየጣበቅን፣ ዘፋኙ መሐል ላይ ቃሉን ዋጥ እያደረገብን እንሰማት ነበር። ዛሬ ሊዲያ ያንኑ ዘፈን በስልኳ አንድ ጊዜ ነክታ ታወጣልኛለች፤ የተዋጠው ቦታ ተሞልቶ ሳገኘው ዘፈኑ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ከአገር ቤት መኮንኖች ለከፍተኛ ኮርስ መጡና የጦር አካዳሚው አስተርጓሚ ፈለገ። ሩሲያኛዬ፣ እኛ ሩስኪ የምንለው፣ ጥሩ ነበር፤ ተመረጥኩ። ከመመረጥ ጋር የሚመጣውን ልናገር፤ ከአራት ሰው መኝታ ወደ ሁለት ሰው መኝታ ተዛወርኩ። አንገቱ የበግ ፀጉር የሆነ፣ በልኬ የተሰፋ ካፖርት ተሰጠኝ። ምሳዬን በመኮንኖች መመገቢያ፣ ሥጋ ባለበት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ መብላት ጀመርኩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ይህ ሁሉ። መስተዋት ባየሁ ቁጥር ራሴን እወደው ነበር።

ሻምበል አስናቀ ከመጡት መኮንኖች አንዱ ነው፤ መድፈኛ፣ ቀጭን ረጅም፣ ከወታደር ይልቅ የሒሳብ አስተማሪ የሚመስል። ናይሎን ሸሚዙን አጥቦ እርጥቡን ከፍራሽ ሥር ዘርግቶ ይተኛበታል፤ ጠዋት የተተኮሰ ሆኖ ይወጣል። ቦርሳው ውስጥ የአንዲት ሕፃን ፎቶ ነበረው፤ ዓይኗን የምትከፍትና የምትጨፍን አሻንጉሊት ሊገዛላት ሁለት ሰዓት ሙሉ በረዶ ላይ ሲሰለፍ አብሬው ተሰልፌያለሁ። ያቺ ሕፃን ገነት ናት። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን «አንተ» በለኝ ብሎ አስገደደኝ።

ትምህርቱን የሚሰጡት አንድ ሽማግሌ ኮሎኔል ነበሩ፤ በቀድሞው ጦርነት የግራ እጃቸውን ሁለት ጣት ያጡ፣ ሥራቸውን የሚወዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያስተምሩት ግን ይህን ነበር። መጀመሪያ ላይ አገራቸው፣ ከባላንጣው ጋር ጦርነት ከተነሣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ኑክሌር ነው፣ ሌላ ዓይነት ጦርነት የለም ብሎ ያምን ነበር። ሮኬቱ መጣ፤ ታንኩም፣ እግረኛውም፣ መንገዱም ለሮኬቱ ተብሎ እንደገና ተደራጀ። ኋላ ሐሳቡ ተለወጠና፣ ጦርነት በተራ መሣሪያ ተጀምሮ ብዙ ቀን ሊሄድ ይችላል፣ ኑክሌሩ ከኋላ ተቀምጦ ያስፈራራል ተባለ። ኮሎኔሉ ዓይናቸው እየበራ የሚያወሩለት ግን ሦስተኛው ዘመን ነበር፤ የሚያይ መሣሪያ፣ የሚያሰላ መሣሪያና የሚተኩስ መሣሪያ በአንድ መስመር ተገናኝተው፣ ያለ ኑክሌር የኑክሌርን ሥራ የሚሠሩበት። «ገና አልመጣም፤ ይመጣል» ይሉ ነበር። እዚህ ተቀምጬ ዜና ባየሁ ቁጥር አሁን መጣ እላለሁ። በቀደም ለእንዲህ ያለ ቀን ውሃና ባትሪ አስቀምጡ የሚል በራሪ ወረቀት በየደጃችን ገባ፤ ለልጆችና ለወጣቶች ከኑክሌር መርዝ የሚከላከል ኪኒንም አለ ይላል። ለእኔ ዕድሜ አያስፈልግም ተብያለሁ።

እዚያ አካዳሚ የክፍል ደብተር ወደ መኝታ አይወሰድም። ገጹ በቁጥር የታተመ፣ በሲባጎ ተሰፍቶ ጫፉ በሰም የታሸገ ነው፤ ሲገቡ ፈርመው ይቀበላሉ፣ ሲወጡ ፈርመው ይመልሳሉ። አንዲት ገጽ ብትጎድል ጉድ ይፈላል። አስናቀ ስለዚህ ሌላ ደብተር ነበረው፤ ይህ ሙሻማው። እሑድ እሑድ፣ ሌሎቹ መናፈሻ ሲሄዱ፣ የሳምንቱን ትምህርት ከጭንቅላቱ እያወጣ በአማርኛ ይጽፍበታል፤ አገሬ ስመለስ ልጆቹን የማስተምርበት ነው እያለ። ጽፎ ሲጨርስ ያመጣልኛል። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እሰማዋለሁ። «ልክ ነው?» ይለኛል በየአንቀጹ። «ልክ ነው» እለዋለሁ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር የወጣችበት ቀን ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። ኮሎኔሉ በኮምፓስ ክብ ሠሩ። ቀጥለው ነፋሱን አሰሉና ከክቡ የሚወጣ እንደ እንቁላል የረዘመ ነገር በሰማያዊ እርሳስ አሰመሩ፤ መርዙን ነፋስ የሚወስድበት ነው። እኔ የቁጥሩን ነገር ስተረጉም እንጂ ካርታውን አላየሁትም ነበር። አስናቀ አየው። እጁን አወጣ።

«ዘነበ፣ ጠይቅልኝ» አለ። «በዚህ በተሰመረው ውስጥ ስድስት መንደር ቆጥሬያለሁ፤ ስማቸው በደቃቁ ተጽፏል። ለሕዝቡ የሚነግረው ማነው? በየትኛው ትእዛዝ ላይ ነው የሚጻፈው?»

ክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ የራሳችን የፖለቲካ ኃላፊ ተቀምጧል። ሩስኪ አያውቅም፤ አማርኛ ግን ያውቃል። ጥያቄውን ሲሰማ እርሳሱን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ አለብን፤ ሰው ተነሥቶ የጓደኛውን ጥፋት፣ ከዚያ የራሱን የሚናዘዝበት። በዚያው ክረምት አንድ ተማሪ ስለ ዳቦ ሰልፍ በቀለደው ቀልድ ተነሥቶበት ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ ወደ አገር ቤት ተመልሷል። የወዳጅ አገር መምህርን በሕዝብ ጉዳይ ማፋጠጥማ ምን እንደሚያመጣ መገመት አይከብድም። ለአስናቀ ፈራሁ። ለራሴም ፈራሁ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ግን ፍርሃት ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያ ካፖርት፣ ያ ነጭ ጨርቅ ላይ የሚበላ ሥጋ ነው።

ወደ ኮሎኔሉ ዞሬ በሩስኪ፣ «ሻምበሉ የሚጠይቁት፣ በዚህ ክልል ውስጥ ታንኮች ከስንት ሰዓት በኋላ ማለፍ ይችላሉ ነው» አልኩ።

ኮሎኔሉ ደስታቸው ወሰን አጣ። «የመኮንን ጥያቄ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ጠመኔ አነሡና አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ታንክ ማጣሪያ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ መተላለፊያ መስመር ሳሉ፣ ቀመሩ። እኔ ቆሜ ማሰብ ያዝኩ። አሥር ደቂቃ ንግግር ተነግሯል፤ አስናቀ መልሱን ይጠብቃል፤ የፖለቲካ ኃላፊውም ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን ለራሴ ትምህርት ስለ ግድብ አነብ ነበር። ግድብ ውሃ ከመሙላቱ በፊት ከሥሩ ያለው ሕዝብ ይነሣል፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እሷን አንሥቼ ለአስናቀ ሰጠሁት። «ከሁሉ በፊት ሕዝቡ ከአካባቢው እንዲወጣ ይደረጋል። ይህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

«ይሄን ሁሉ ተናግሮ ይቺን ብቻ?» አለ አስናቀ።

«በዝርዝር ነው ያስረዱት፤ ቁም ነገሩ ይቺ ናት» አልኩት።

የፖለቲካ ኃላፊው እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ። ኮሎኔሉ ለአስናቀ ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ አስናቀም ለእሳቸው። ሁለቱም ተከባብረው ተለያዩ። ክፍሉ ውስጥ የሆነውን በሙሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያን ዕለት፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ በብልጠቴ ኮርቻለሁ። እሑድ አስናቀ ሙሻማውን ይዞ መጣ። ያቺን አንቀጽ አነበበልኝና ቀና ብሎ፣ «እኔ እኮ እነዚህን ሰዎች ሰው የማይቆጥሩ ይመስሉኝ ነበር፤ ሽማግሌውን በልቤ አምቼዋለሁ» አለ። ከዚያ «ልክ ነው?» አለኝ። የፖለቲካ ኃላፊ በሌለበት፣ ሁለታችን ብቻ በነበርንበት፣ «ልክ ነው» አልኩት። ለዚህኛው ምንም ምክንያት የለኝም።

አስናቀ አገሩ ገባ፤ ለወጣት መኮንኖች አስተማሪ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤው መጣልኝ፤ በፖስታ፣ ተከፍቶ የተጣበቀ። ሰሜን ውስጥ ሰው የሞላባትን አንዲት የገበያ ከተማ በመድፍ እንዲደበድብ ታዞ፣ አስቀድሞ ሕዝቡ ይውጣ፣ የታላቁ ወዳጃችን አገር አስተምህሮም ይሄው ነው ብሎ በጽሑፍ አመልክቷል። የሶቪየት አማካሪዎቹ ተጠየቁ። እንዲህ የሚል ነገር በእኛ ዘንድ የለም አሉ። በወዳጅ አገር ስም ውሸት በመፈልሰፍ ተከሰሰ። «አንተ ታስታውሳለህ» ይላል ደብዳቤው። «ኮሎኔሉ ይህን ማለቱን ሁለት መስመር ጽፈህ በኤምባሲው በኩል ብትልክልኝ ይበቃኛል።»

የሚጻፈውን አውቅ ነበር። ቃሉ የእኔ ነው፤ ሻምበል አስናቀ የሰማውን በታማኝነት ጻፈ እንጂ አልፈለሰፈም። ሁለት መስመር ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሳምንት ያህል መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ቀዳድጄ መጸዳጃ ቤት ጣልኩት። በዚያ ሳምንት ምረቃዬ ደርሶ ነበር። ወደ አገር ቤትም አልተመለስኩም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከድንበር ወደ ድንበር ስል እዚህ ወደቅኩ።

እዚህ ኦስሎ የኖርኩበትን ሥራ ብናገር ይሳቅብኛል። አስተርጓሚነት ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል ወለል አጸዳሁ፤ ቋንቋውን ስይዝ ለስደተኞቻችን ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ቤት፣ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ማስተርጎም ጀመርኩ። ሥራ ሲጀመር አስተርጓሚው የሚላት አለች፤ የተባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ብያታለሁ። «ዘነበ አይጨምርም አይቀንስም» ይሉኝ ነበር ሰዎቻችን፤ የታመመ ዘመድ ሲኖራቸው እኔን አስጠሩልን ይላሉ። ይህን ምስጋና በሰማሁ ቁጥር ወዴት ልግባ እል ነበር።

ገነትን ያገኘኋት አባቷ በሞተ በዓመቱ ነው፣ አንድ ተዝካር ላይ። የማን ልጅ ነሽ አልኳት፤ ነገረችኝ። አብረን ነበርን ስላት ሰው መሐል ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። ቀሪውን ከእሷ ሰማሁ። መንግሥት እስኪለወጥ ታስሮ ነበር። ሲፈታ ማዕረጉንም ጡረታውንም አላገኘም፤ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቅዳሴ በኋላ «ጋሽ ዘነበ፣ ልብስዎ ሳስቷል» እያለች ትቆጣኛለች፤ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ዝልዝል ታመጣልኛለች። እኔም እበላለሁ።

ቅዳሜ ከሊዲያ ጋር ባቡር ተሳፈርን፤ ቶየን ላይ ቀይረን ወደ ቫይትቬት። መንገዱን በሙሉ ስለ ጽሑፏ ታወራለች፤ በአማርኛ ጀምራ በኖርዌይኛ ትጨርሳለች። ዛሬም እኮ ያ አገር በዚያው ቋንቋ ነው የሚያስፈራራው አባዬ ትላለች፤ ስለዚህ ድሮ ምን እንዳሉ ማወቅ አለብን። አጠገባችን የተቀመጠ ወጣት ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ እስኪያየን ድረስ በእጇ ካርታ ትስላለች።

«ሊዲያ፣ ያ ገጽ ባይኖርስ?» አልኳት።

«ናይ፣ እንዴት ይሆናል አባዬ!» ብላ ሳቀች። «እሱ ገጽ እኮ ነው ጽሑፉ። ሌላውንማ ሁሉም ጽፎታል።»

ገነት ቫፍል ጋግራ ጠበቀችን። የአባቷን ትልቅ ፎቶ ከመኝታ ቤት አውጥታ መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አቁማዋለች፤ ለቀረጻው ብላ። በሲቪል ልብስ ነው፤ ሸሚዙ አልተጨማደደም። «አባቴ የታሰረው እውነት ተናግሮ ነው» አለች ለሊዲያ፤ ሻይ እየቀዳች። «አገሩ አልሰማውም፤ ይኸው በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ሊጻፍለት ነው። ጋሽ ዘነበም በሕይወት ቆይተው መመስከርዎ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።» ሊዲያ ስልኳን በእኔና በቫፍሉ መሐል አስቀምጣ ቀረጻውን አስጀመረች። ስሜን፣ የት እንደነበርኩ፣ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። መለስኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አነበበችና፣ «ኮሎኔሉ ይህን ብሏል?» አለችኝ።

ያኔ ዝም ማለቴ አንድ ሰው አሳሰረ። አሁን «አዎ» ማለቴ ልጄን በውሸት ላይ ቤት ያሠራታል። ሁለቱም በጣም ቀላል ነበሩ።

«አላለም» አልኩ። «ያልኩት እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ስድስቱ መንደሮች፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ታንኩ፣ ስለ ግድቡ፣ እሑድ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ልክ ነው ስላልኩት። ካፖርቱንም አልደበቅኩም። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጣሁ። ደብዳቤው ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከዚያ ማለፍ አቃተኝ፤ ያለቀ አስመስዬ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተናገረችው ሊዲያ ናት። «ሄረጉድ፣ ፓፓ» አለች፤ አምላኬ፣ አባዬ ማለቷ ነው። አማርኛው ጠፍቶባት ነበር። ቆይታ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ስጽፍ እያየኸኝ?» አለች። ልጄ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እኔም ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ገነት ወደ አባቷ ፎቶ ዞረች። ትጮኻለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ክንዴ ላይ አደረገች። «ልጅ ነበሩ ጋሽ ዘነበ» አለችኝ። «በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን ነበር? ደግሞስ ክፉ ነገር አላሉም። አባቴ ሊሰማ የፈለገውን ነው ያሉት።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ቢያውቅም አይቀየምዎትም ነበር። እስር ቤት ስንቅ ስናደርስ እናቴ፣ ያ ዘነበ የሚባለው ጓደኛህ ጨካኝ ነው፣ ሁለት መስመር አጣ ስትል ይቆጣት ነበር። ደብዳቤው ሳይደርሰው ቀርቶ ነው እንጂ ዘነበ ዝም የሚል ሰው አይደለም ይላታል። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ነው ያለው። አልደረሰዎትም፣ አይደል?»

ሊዲያ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይታ ይሆናል፤ ቀረጻውን ልታቆም እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች። ገነት አሁንም ክንዴን ይዛኛለች። የማምለጫ በሩን ራሷ ከፍታልኛለች፤ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ተይው፣ ይቅረጽ» አልኳት ልጄን። ከዚያ ወደ ገነት ዞሬ፣ «ደርሶኛል» አልኩ። «አንብቤው ነው የቀደድኩት።»

እጇን ከክንዴ ላይ ቀስ ብላ አነሣች። ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ ወሰደች፤ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችው። ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ከዚያ ጨዋ ልጅ ናትና፣ እንግዳ ነኝና፣ ብርጭቆዬን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ አቶ ዘነበ» አለችኝ።